ዶጼ አልቀባም ያለው ዝገት

ዶጼ አግቤኮ ሰው ሲመታው አይሮጥም። ይህን የማውቀው ራሴ ስለመታሁት ነው።

ኦካይሌ እባላለሁ። ቴማ ወደብ፣ አዳዲስ ካሚዮኖች የሚቆሙበት ግቢ በር ላይ ኬንኬ የሚባል የበቆሎ ሊጥ ቅቅልና የተጠበሰ ዓሣ እሸጣለሁ። ዶጼ እዚያ ግቢ ውስጥ አስራ አንድ ዓመት በጀርባው ተኝቶ ሠርቷል። ካሚዮን ከመርከብ ሲወርድ ላዩ ሙሽራ ነው፤ ከስር ግን አክስሉም፣ ባሌስትራውም፣ ቀለም ያልነካው ብረት ሁሉ የባሕር ጨው አግኝቶት ቡናማ ሆኖ ይመጣል። ላይ ላዩን የያዘ ዝገት ነው፣ ብረቱን አይጎዳውም። ገዢ ግን ይሄን የት ያውቃል? ስለዚህ አለቃው ላምፕቴ "ጥቁር አልብሰው!" ይላል፣ ዶጼም ቀለሙን ይዞ ይገባል። ሲወጣ የሚነጣው ጥርሱ ብቻ ነበር።

አምና በዝናቡ ወራት ላምፕቴ ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ ካሚዮን አስገባ። ጋቢናው አዲስ፣ ሻንሲው አሮጌ። ዶጼ በመዶሻ ነካ ሲያደርገው ዝገቱ እየተቀረፈ ፊቱ ላይ ወደቀ።

"አለቃ፣ ይሄ እኮ በስብሷል።"

"ቀባ ነው ያልኩህ፣ መርምር አላልኩህም!"

ቀባው። በወሩ ክዋሁ ዳገት ላይ ሻንሲው ለሁለት ተሰበረና ከቲማቲሙ ጭነት ላይ የተቀመጡ ሰባት ሴቶች ገደል ገቡ። አንዷ ታናሽ እህቴ አትስዌይ ነበረች። ፊቷን ልየው ብል የሚታይ ፊት የለም አሉኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር፤ ማን ያውቅበታል? ዶጼ ግን በቀብሯ ማግስት መጥቶ መጥበሻዬ ፊት ቆመ።

"ኦካይሌ፣ ያንን ካሚዮን የቀባሁት እኔ ነኝ።"

የዓሣ ማውጫውን ከፈላው ዘይት መዝዤ ጉንጩን አልኩት። ቆዳው ጨሰ። አልሸሸም። "ድገሚኝ" አለ። ማውጫውን ጣልኩና ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እሱም አጠገቤ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ቀለም አልነካም። ላምፕቴ ቢሰድበው፣ ቢያስፈራራው፣ "እኔ እያለሁ ዝገት አይሸፈንም። ያየ ይየው፤ ለጠየቀኝ እነግረዋለሁ" ይላል። ላምፕቴ ለምን እንዳላባረረው ይገባኛል፤ ስለዚያ ስለተሰበረው ካሚዮን እንዳያወራበት ፈርቶ ነው፣ ሌባ!

ባለፈው ቅዳሜ አምፖንሳ የሚባል የቴቺማን ሰው የገዛውን አዲስ ካሚዮን ሊወስድ ከሁለት ወንድሞቹ ጋር መጣ። ሃያ ዓመት የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ የአባቱን የኮኮዋ እርሻ ሸጦ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን መግዛቱ ነው። በግ አርደው ደሙን ጎማው ላይ አፈሰሱ። ከዚያ ደንቡ ባለቤቱ ራሱ ከስር ገብቶ አክስሉን ደም እንዲያስነካው ነው። አምፖንሳ በነጭ ልብሱ እየሳቀ ገባ። ሲወጣ ሌላ ሰው ነበር።

"ዝጓል! ባሕር ውስጥ የሰጠመ መኪና ነው የሸጡልኝ! ጉድ ተሠራሁ!"

ላምፕቴ ጩኸቱን ሲሰማ ቢሮው ገብቶ ከውስጥ ቆለፈ፤ ወንድ ነኝ ይላል ደግሞ! ዶጼ ብቻ "ወንድሜ፣ ላይ ላዩን ነው፣ ና ላሳይህ" እያለ ቀረበ።

"ከስር የምትሠራው አንተ ነህ?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

የመጀመሪያው ቡጢ አፉን አገኘው። ትንሹ ወንድም የጎማ መፍቻውን ብረት አነሳ። ዶጼ ጭንቅላቱን ሲከልል ብረቱ ቀኝ እጁ ላይ አረፈ፤ አጥንቱ ቋ ሲል ከበሩ ሆኜ ሰማሁት። ወደቀ። ጎኑን፣ ሆዱን፣ ያገኙትን በጫማ ረገጡት። አምፖንሳ በጉን ያረደበትን ቢላ ይዞ ደረቱ ላይ ተንበረከከ።

"እውነቱን አውጣ! አለዚያ እንደ በጉ ነህ!"

መጥበሻዬን ከነፈላው ዘይት አንስቼ ሮጥኩ።

"ጣል ቢላውን! እንደ ዓሣ ነው የምጠብስህ!"

"አንቺ ደግሞ ምን አገባሽ? ሚስቱ ነሽ?"

"እህቴን የጨረሳት የተቀባ ካሚዮን ነው! ይሄ አልቀባም ያለ ሰው ነው፣ ደደብ! ሊያታልልህ ቢፈልግ ቀብቶ አይሰጥህም ነበር? አህያውን ፈርተህ ዳውላውን ትመታለህ! አለቃው እዚያ ተቆልፎልሃል!"

ቢላው ባለበት ቆመ። ዶጼ ደም ተፋና "የሽቦ ብሩሽና መዶሻ ስጡኝ" አለ። በግራ እጁ ይዞ እየተሳበ ከስር ገባ፤ አምፖንሳም ኮሌታውን እንደጨበጠ አብሮት ገባ። እኔ መጥበሻዬን መሬት አስቀምጬ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሦስት ጊዜ ፈተገው። ቡናማው እንደ ዱቄት ረገፈና ብረቱ ብልጭ አለ። መዶሻውን አንስቶ ደግሞ መታው፤ ጥርት ብሎ ጮኸ።

"አዲስ ነው" አለ። "የበሰበሰ እንዲህ አይጮህም። እኔ አውቀዋለሁ።"

ሁለቱም ወጡ፤ አምፖንሳ ራሱን ይዞ ቆመ። ነጭ ልብሱ ላይ የበጉ ደምና የዶጼ ደም አይለይም። "ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ ሰይጣን አሳስቶኝ ነው" አለና ከበጉ አንድ እግር ቆርጦ ዶጼ ፊት አስቀመጠ። ይሄኔ ላምፕቴ ሸሚዙን እያስተካከለ ከቢሮው ብቅ አለ።

"አላልኩህም ዶጼ? ብትቀባው ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ!"

አምፖንሳ አሁን ላምፕቴን ያንቀዋል ብዬ ጠበቅኩ፤ ደስ ይለኝም ነበር። እሱ ግን ካሚዮኑን አየት አድርጎ ወደ ዶጼ ዞረ።

"አምኜሃለሁ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን አገሬ ስገባ ሰው ሁሉ ከስር እየገባ ያያል። ለእነሱ ማን ይፈትግላቸዋል? መሳቂያ ነው የምሆነው። እባክህ ወንድሜ፣ አንዴ ጥቁር ቀባልኝ።"

ዶጼ ያበጠውን፣ የተንጠለጠለውን ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ ወደ አምፖንሳ ዘረጋው።

"የምቀባው በዚህ ነበር" አለው።

እኔ ዘይቱን ላምፕቴ ደጃፍ ላይ ደፋሁና ዶጼን ደግፌ ወደ ወጌሻ ወሰድኩት።