በስሜ የለጠፍኩት የሰኢድ ንባብ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናዘዝኩም። ስግደት አዝዘውኝ ቀለል እንዳይለኝ ፈርቼ ነው። ለማታውቀኝ ላንተ እነግርሃለሁ።

በደርግ ጊዜ ደባርቅ ላይ የቀበሌው ንባብ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ምስክር ወረቀት ስለያዝኩና አፌ ስለማያርፍ ሾሙኝ። አዲስ መጽሐፍ በሳጥን ከጎንደር ሲመጣ፣ አንብቤ የትኛው እንደሚጠቅም፣ የትኛው እንደማይረባ ጽፌ በር ላይ መለጠፍ ነበረብኝ። ልብ ወለዱም፣ ግጥሙም፣ የከብት በሽታውም፣ የጤናውም። እኔ ግን አንድ ገጽ በጣቴ እየተከተልኩ ስጨርስ የገጹ ራስ ይጠፋኛል።

ያነበበው ሰኢድ ነው። አብሮኝ ፊደል የቆጠረ፣ ገበያ ላይ አቡጀዲ የሚሸጥ። ገዢ ሲመጣ በክንድ ይለካል፤ ሲሄድ ተመልሶ መጽሐፉን ይገልጣል። ያነበበውን ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ከሥሩ የራሴን ስም።

"ስሙ ምን ያደርግልኛል? ብቻ አዲስ ሲመጣ መጀመሪያ ለኔ" ይለኝ ነበር።

ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ "አያ አበጀ፣ ምን ያለ ጭንቅላት ነው!" ሲለኝ አንገቴን አቀና ነበር። አላፈርኩም። ለምን ልዋሽ?

አንድ ጊዜ ስለ ገበሬ ማኅበር የተጻፈ ልብ ወለድ መጣ። ሰኢድ አንብቦ ሳቀ።

"ይህ ገበሬ በጥር ገብስ ዘርቶ በመጋቢት ያጭዳል። እስቲ ደባርቅ ይምጣና ውርጩ ያሳየው! ደራሲው በሬ ያየው ወጥ ውስጥ ነው።"

ቃል በቃል ለጠፍኩት። ገበያተኛው እያስነበበ ሳቀ። ማክሰኞ አንድ ካድሬ ወረቀቱን ነቅሎ ገባ።

"በአብዮቱ መጽሐፍ የሚቀልደው ማነው?"

"እኔ ጸሐፊ ብቻ ነኝ ጓድ። ያነበበው ሰኢድ ነው፤ ቃሉ የሱ ነው።"

አየህ? ሁለት ዓመት ዋሽቼ እውነት የተናገርኩት ያን ቀን ነው። የሚያስመሰግነው የኔ፣ የሚያሳስረው የሱ። ካድሬው ቢመታኝ ኖሮ ሰበብ ይኖረኝ ነበር። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። እኔ ነኝ ፈጥኜ የሰጠሁት። እኔ።

ሰኢድን ሁለት ወር አሰሩት። ንባብ ቤት እንዳይገባም ከለከሉት። ቁልፉ ግን የኔ ኪስ ውስጥ ነበር። አንድ መጽሐፍ በጋቢዬ ሥር ይዤ ብወስድለት ማን ያውቅ ነበር?

እንደተፈታ መጣ። ከስቷል። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድበኝ በወደድኩ። ደጃፉን ሳያልፍ ቆሞ፣

"አበጀ፣ አዲስ ነገር መጣ እንዴ?" አለኝ።

ከኋላዬ ገና ያልተከፈተ ሳጥን ነበር።

"ምንም አልመጣም" አልኩት።

"እሺ" ብሎ ሄደ።

ፈርቼ ነው አልልም፤ መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም። ይቅርታም አልጠይቅህም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። በማግስቱ ሳጥኑን ከፈትኩና የሚያነብልኝ ሌላ ሰው መፈለግ ጀመርኩ።