በጧፍ የተቃጠለው መስመር

ማሽን እንኳ ማንበብ ያቃተውን ባዶ ትቶ ሲያልፍ፣ እኔ ምን ነክቶኝ ነው ያላየሁትን የጻፍኩት?

ወሰን በሚባለው ሰፈር አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለችኝ። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ከጎደለች እህል አይወርድልኝም። አንድ ሰሞን የነፍስ አባቴ፣ እንጦጦ ላይ የሚያገለግሉት ቄስ፣ የሟች አባታቸውን ማስታወሻ ይዘው መጡ። አባትየው የደብር ጸሐፊ ነበሩ፤ ሕይወታቸውን በታይፕ መትተው አስቀምጠዋል። ቄሱ ለየዘመዱ አንዳንድ ቅጂ ሊያድሉ አስበዋል። የአባታቸው ቃል ሳይጨመርበት ሳይቀነስበት እንዲወጣ አደራ አሉኝ።

ወረቀቱ ስለሳሳ ገጾቹን በስልክ አነሳኋቸው። ከፎቶ ላይ ጽሑፍ የሚለቅም ፕሮግራም አለኝ፤ የሚጫኑት ምልክት የለውም፣ ጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ ይጻፍለታል። መጀመሪያ ቋንቋው አማርኛ መሆኑን ሳልነግረው ቀርቼ የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ደባልቆ ዘረገፈልኝ። ቄሱ ጎንበስ ብለው አዩና ሰይጣን ይኖርበት እንደሆነ ጠየቁኝ። ቋንቋውን ጨምሬ ትእዛዙን ስደግም ግን የአባታቸው ቃል መስመር በመስመር ወጣ። አማተቡ።

አንድ ገጽ ላይ «ታናሹ ልጄ ዜማ ሲማር» ይልና ቀሪው በጧፍ ተቃጥሏል። ፕሮግራሙ ዘሎት አለፈ። እኔ «ድምፁ ደጅ ድረስ እየተሰማኝ ደስ ይለኝ ነበር» ብዬ ሞላሁት። ታናሹ ልጅ ቄሱ ራሳቸው ናቸው።

ጨርሼ ለቄሱ አነበብኩላቸው፤ ምንም ሳያርሙኝ ቅጂው ታደለ። ቄሱ ያቺን መስመር በቃላቸው ይዘው፣ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሳይቀር ለሰው ያወሩ ጀመር። ለንስሐ ስቀርብ ሌላ ሌላውን እናገርና ይቺን ውጬ እመለሳለሁ።

በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የእንጦጦን ዳገት ወጥቼ ነገርኳቸው። አቀረቀሩ። ተቀየሙኝ ስል ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ለካ እየሳቁ ነው።

«ልጄ፣ ያን ቦታ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ እኮ፣ ልጅ ሆኜ። ‹እንቅልፍ ያሸንፈዋል› ነበር የሚለው።»

«ታዲያ ሳነብልዎት ለምን ዝም አሉ፣ አባ?»

«ያንቺው ጣፈጠኛ።»

ለእኔ ሃያ ስግደት ሰጡኝ፤ ለራሳቸው አርባ ያዙ። ከዚያ ቅጂያቸውን አውጥተው፣ የእኔን መስመር በእስክሪብቶ ሰርዘው፣ እንቅልፋቸውን በገዛ እጃቸው ጻፉት። የቀሩትን ቅጂዎች በየዘመዱ ቤት አብረን እየዞርን ልናርም ተስማማን።