ለሽሽት ያዘጋጀነው ሻንጣ

መሥሪያ ቤታችን ግድግዳ ላይ ለአደጋ ጊዜ ቦርሳ የሚያስፈልገውን የሚዘረዝር ወረቀት ተለጥፏል፤ ባትሪ፣ ፋሻ፣ ፊሽካ ይላል። ሳነበው በልጅነቴ የኖርንባት ነገሌ ቦረና ትዝ አለችኝ።

ያኔ ከድንበር ማዶ የመጣው ጦር ሲቃረብ፣ በክሊኒክ ቁስል የሚያሽግ ድሬሰር የነበረው አባቴ በእግር ወደ አሬሮ ለመሸሽ ሻንጣ አዘጋጀ። ከክኒኑ በላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰርተፍኬቱን አስቀመጠ፤ ወራሪ ጦር ውጤት የሚጠይቅ ይመስል።

እንደ አያት «አኮ» የምንላቸው ጎረቤታችን አኮ ሎኮ፣ የቦረና ባልቴት፣ ሻንጣውን አይተው «ውሃስ?» አሉ።

«ከጉድጓድ እንቀዳለን፣ አኮ።»

«ጉድጓዱ የጎሳ ነው፤ በዚህ ጊዜ የማይታወቅ ሰው ማን ያስጠጋል? የማን ናችሁ ሲሉህ ወረቀትህን ልታሳይ ነው?»

ከወላይታ የመጣን ነን፤ ቦረና ውስጥ ጎሳ አልነበረንም።

አኮ እኔን ፊታቸው አቁመው የባላቸውን ጎሳ፣ የባላቸውንና የባላቸውን አባት ስም አስደገሙኝ። «የሎኮ ልጅ ነኝ በይ። አባትሽ ኦሮምኛው ያስቃል፤ አንቺ ቅደሚ።»

ጴንጤው አባቴ «ውሸት አይሆንብንም?» አለ።

«እኔ ልጄ ናት ካልኩ ምኑ ነው ውሸቱ?»

ጦሩ ነገሌ ስላልደረሰ ሳንሸሽ ቀረን። ጉድጓዱ ጋ ብንደርስ ያጠጡን እንደነበር አላውቅም። ሦስቱንም ስሞች ግን እስከ ዛሬ ሳልሳሳት እጠራቸዋለሁ፤ የማን ልጅ ነሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም እንጂ።