ጎኗን የሰጠችው አደይ

በአራዳው ፎቶ ቤት ከንፈር ማቅላት የኔ ሥራ ነበር። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ እኔ በእንጨት ጫፍ በጠቀለልኩት ጥጥ ቀለም እያስነካሁ የሙሽራዋን ከንፈር አቀላለሁ፣ የቀሚሷን ጥለት አረንጓዴ አደርጋለሁ። በዚያን ጊዜ ጎንደር ውስጥ በኔ እጅ አልፋ ያላማረች ሙሽራ አልነበረችም ብል ጉራ አይሆንብኝም።

አባቴ ግን አይዋጥላቸውም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ፤ ዓይናቸው እስኪደክም ድረስ የስንቱን ደብር ግድግዳ በቅዱሳን ሞልተዋል። ቀለም መፍጨትና መስመር ማውጣት ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ይሁንና ሴት መቅደስ ገብታ አትስልም። ፎቶ ቤት ስቀጠር፣ «እንግዲህ ቀባሽ እንጂ ሳልሽ አይባልም፤ መቀባትማ በርም ይቀባል» አሉኝ። አንገበገበኝ። ያቺን «ሳለች» የምትል ቃል አንድ ቀን ከአፋቸው ላወጣ ለራሴ ማልኩ።

አንድ ክረምት ባለፎቶ ቤቱ ለእንቁጣጣሽ የሚሸጥ ካርድ አሰበ። ባለፈው መስቀል በማክሰኝት መንገድ ዳር ያነሳውን የሦስት አደይ አበቦች ፎቶ አውጥቶ፣ «ፎቶ እንዳይመስል፤ በእጅ የተሳለ አድርጊልኝ» አለኝ። ቢጫ አስነካሁት። ቢጫ የተቀባ ፎቶ ሆነ እንጂ ሌላ አልሆነም፤ ግራጫው ጥላ ከሥር ያፈጥብኛል። እልህ ያዘኝና ጥጡን ጥዬ የአባቴን ብሩሽ አነሳሁ። ሰማዩን በቀይ ደፈንኩት፣ ጥላውን አጠፋሁት፣ የአበባውን ቅጠል ሁሉ ዙሪያውን በጥቁር መስመር ከበብኩት። ደስ ሲለኝ!

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ለአባቴ ሰጠኋቸው። ወደ መስኮቱ ወስደው ካፍንጫቸው ሥር አስጠግተው ከዳር እስከ ዳር መረመሩት።

«ሸጋ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ይቺ ግን ምነው ጎኗን ሰጠች?»

ጣታቸው ከሦስቱ አበቦች በግራ ባለችው ላይ አርፏል። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በኛ አሳሳል ጻድቅ ፊቱን ሙሉ ይሰጣል፣ ሁለት ዓይኑም ይታያል፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣንና ከሃዲ ነው።

«አባባ፣ አበባ እኮ ናት። ሲያነሳት ንፋስ አዙሯት ነው።»

«ታዲያ ሠዓሊው ንፋሱ ነው ወይስ አንቺ?»

ሰኞ ያቺን አበባ ከነግንዷ በቀለም ደፍኜ፣ ፎቶው ውስጥ ያልነበሩ ቅጠሎች አውጥቼላት፣ ፊቷን ወደ ሰው መለስኩት። ባለፎቶ ቤቱ አየና፣ «በጎን ያነሳኋትስ የት ሄደች?» አለኝ።

«ዞረች» አልኩት።

ሳቀ። ሥራዬን መልሶ በካሜራ አንስቶ አባዛው፤ እያንዳንዱንም በእጄ ቀለም አለበስኩት። የዘመን መለወጫ ዋዜማ ሳይደርስ አንድም ካርድ አልቀረም፤ ለራሳችን የደበቅኳት አንዲት ብቻ ተረፈች።

በእንቁጣጣሽ ዕለት የነፍስ አባታችን እንኳን አደረሳችሁ ሊሉን መጡ። ካርዷን ከግድግዳው ላይ አይተው፣ «ይህ ደግሞ የፎቶ ቤቱ ነው?» አሉ።

አባቴ ከመደቡ ተነሱ። ካርዷን በገዛ እጃቸው አውርደው ሰጧቸው።

«የምን ፎቶ አመጡብኝ! ልጄ የሳለችው ነው። ይዩዋቸው እስቲ፣ ሁሉም ፊታቸውን ሰጥተዋል።»

ጠላ እየቀዳሁ ነበር። ዋንጫው ሞልቶ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ፤ ያን ቀን ግን ማንም አልተቆጣኝም።