አረንጓዴ የገባች ዕለት

በሰባ ሰባቱ ድርቅ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ከመታመም የባሰ አንድ ነገር ነበር፤ እሱም መዳን። ቀልድ የመሰለው ካለ እኔን ይጠይቅ፤ አዳኟ እኔ ነበርኩ።

ጤና ረዳት ነበርኩ፣ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ። ነጭ ጋዋን ስለለበስኩ ገበሬው ሁሉ ከመቀመጫው እየተነሳ "እርስዎ" ይለኝ ነበር፤ እኔም ቀስ በቀስ ማመን ጀምሬ ነበር። ሥራዬ ከከተማው ዳር ሸራ ተወጥሮ በቆመው የእርዳታ ጣቢያ የሕፃናትን ክንድ መለካት ነው። መለኪያው ፈረንጆቹ ያመጡት ጥብጣብ ነው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ካድሬያችን መጀመሪያ ቀን ሲያየው "ሰንደቅ ዓላማችንን እንዲቆራርጡት ማን ፈቀደላቸው?" ብሎ ግማሽ ቀን ሥራ አስቆመን።

ጥብጣቡ ቀዩ ላይ ካረፈ ልጁ ሊሞት ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ ወተትና ፋፋ ይሰጠዋል፣ አስታማሚውም አብሮት ተቀምጦ ስንዴ ይሰፈርለታል። ቢጫም ቢሆን ያው ነው። አረንጓዴ ከገባ ግን እንኳን ደስ ያላችሁ! የእርዳታ ካርዱ ይሰበሰባል፣ ወተቱ ይቋረጣል፣ አባትና ልጅ ጥቂት ስንዴ ተሸክመው ምንም ወዳልበቀለበት ቀያቸው ይመለሳሉ። ምሕረት ማለት እንዲህ ነበር።

ደግሞ የሚመጣው እርዳታ! አንድ ቀን ካድሬው በጭብጨባ የተረከበውን ካርቶን ከፈረንጇ ነርስ ጋር ከፈትነው። ጽሑፉን ደጋግማ አነበበችው። "ምንድን ነው?" አልኳት። ውፍረት መቀነሻ ክኒን ነበር። ወይ ጉድ! ሁለታችንም ከካርቶኑ ሥር ተቀምጠን እስክናለቅስ ሳቅን፤ ከዚያም እሷ የእውነቷን አለቀሰች። ካርቶኑ መጋዘን ገብቶ ተቆለፈበት፣ ዘበኛም ተመደበለት።

በዚያው ሰሞን ሰፈራ መጣ። ካድሬው ከበላይ የታዘዘው ቁጥር አለ፤ ይህን ያህል ጤነኛ ሰው "በገዛ ፈቃዱ" ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል። የገዛ ፈቃድ ከየት ይምጣ? በሽተኛ አይወሰድም፤ የቀይና የቢጫ ልጅ አስታማሚም አይነካም፣ ፈረንጆቹ ይጮኻሉና። ስለዚህ ፈቃደኛ የሚታፈሰው ልጆቻቸው ከዳኑባቸው ሰዎች መካከል ሆነ። እናቶች ልጃቸው ወዘና ባወጣ ቁጥር ይደነግጡ ጀመር። እኔ ደግሞ "ምን ዓይነት እናት ነሽ!" እያልኩ እቆጣለሁ። ዛሬ ሳስበው አፌን በያዝኩት ኖሮ እላለሁ።

ከከላላ ወዲያ የመጣ አንድ ሰው ነበር። ሚስቱን መንገድ ላይ ቀብሮ፣ አራት ዓመት ገደማ የሚሆናትን ልጁን በጋቢው አዝሎ ነው የደረሰው። ስትገባ ጥብጣቡ ከቀዩም ወዲያ ነበር፤ የምትተርፍ አልመሰለኝም። አባትዬው ግን ኩባያውን ከእጁ አያስቀምጥም። "በይ እማ፣ ይቺን አንዷን ብቻ፣ ለእኔ ስትይ" ይላታል፤ ያቺ አንዷ ካለቀች ሌላ አንዷ አለች። በወሩ ትስቅ ጀመር። ጋዋኔን እየጎተተች "ዛሬ ምን ቀለም ነኝ?" ትለኛለች። ቢጫ ነሽ ስላት ታጨበጭባለች።

ወደ አረንጓዴው ስትጠጋ አባትዬው ልጁን ይዞ ከድንኳኑ ጀርባ ጠበቀኝ።

"እህቴ፣ አፈር ስሆን" አለኝ። "ሲለኳት ጥብጣቡን ትንሽ ጠበቅ አድርገው ቢስቡት... እኔ ከተወሰድኩ እሷ ማን አላት?"

እግሬ ላይ ሊወድቅ ሲል ወደ ኋላ አልኩ። "በሙያዬ አላጭበረብርም!" አልኩት። አቤት ኩራት! የዚያን ቀኗን እኔን ዛሬ ባገኛት በጥፊ ነበር የምላት። ልጅቷ የአባቷን ጉልበት እንደያዘች አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች።

"አብሽሩ" አለኝ በመጨረሻ፣ መጽናናት የሚያስፈልገኝ እኔ ይመስል። "አላስቀይምዎትም።"

በሳምንቱ ስንዴውን ከላከው አገር እንግዶች ካሜራ ይዘው መጡ። ነርሷ የዳነ ልጅ እንዳሳያቸው ጠየቀችኝ። ሌላ ማንን ላሳይ? ፀጉሯን አበጠርኩ፣ ከእርዳታው ልብስ ቀሚስ መርጬ አለበስኳት፣ በካሜራው ፊት ጥብጣቡን ጠመጠምኩ። አረንጓዴ! በፀጉር ስፋት ያህል ነው ያለፈችው፣ ግን አረንጓዴ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ከሁሉ አስበልጦ ያጨበጨበው ካድሬው ነው።

እዚያው ካርዷን ፈረምኩ። በጀርባው "አስታማሚው ጤነኛ ነው" የሚል መስመር አለ፤ እሱንም ፈረምኩ። ደስ ብሎኝ ነበራ!

ለአባትዬው ከሜዳው ማዶ ሄዶ የመሸኛ ስንዴውን እንዲቀበል ነገሩት። ልጁን አንስቶ ሊሄድ ሲል እንግዶቹ አንድ ፎቶ ይቀረናል አሉ፤ እኔም "አንተ ሂድ፣ ልጅቷ እኔ ጋ ናት" አልኩት። ከሜዳው ማዶ ሰው የጫኑት የሰፈራ መኪናዎች ሞተር ሲነሳ ገና ፎቶ ላይ ነበርን። አንደኛው እንግዳ ሰዎቹ የት እንደሚሄዱ ጠየቀ። አስተርጓሚው ካድሬውን አየት አደረገና "ወደ ቤታቸው እየተሸኙ ነው" አለ። እንግዶቹ ደስ ብሏቸው እጃቸውን አውለበለቡላቸው።

እሱ ከመጨረሻው መኪና ላይ ሆኖ "ልጄን! ልጄን!" ይላል። ሮጥኩ። ጋዋኔ እሾህ ላይ ቀረ። አቧራው ውስጥ ቆሜ ስጮህ ካድሬው በእርጋታ ካርዱን አውጥቶ የገዛ ፊርማዬን አሳየኝ። "ልጅቷ በሁለተኛው ዙር ትላክለታለች፣ ጓዲት" አለኝ። ሁለተኛው ዙር የሄደው ሌላ አገር ነው።

ልጅቷ ድንኳኑ በር ላይ ተቀመጠች። አንድ ጉርሻ፣ አንድ ጉንጭ አልወስድም አለች። "ለእኔ ስትይ" አልኳት እንደ አባቷ፤ ለእኔ ብላ ምን ልታደርግ! በስምንተኛው ቀን ጥብጣቡን ይዤ አጠገቧ ተንበረከኩ። አባቷ ከተወሰደ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ራሷ ዘረጋችልኝ።

"ጠበቅ አድርገሽ ሳቢው" አለችኝ። "ቀይ ከሆንኩ አባዬ አይሄድም።"

መሳብ አላስፈለገኝም።