የሳምፔ እግር

የአጎቴ ልጅ ዳማሪስ ልብስ ሰፊ ናት፤ ደንበኞቿ ግን አብዛኞቹ ሞተዋል። በእኛ በቶራጃ ተራሮች ሩዙ ታጭዶ ከገባ በኋላ፣ በየሦስት ዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ ዘመዶቻችንን ከመቃብር እናወጣለን። ፀሐይ እናሞቃቸዋለን፣ አቧራቸውን እንጠርጋለን፣ አዲስ ልብስ እናለብሳቸዋለን፣ አብረናቸው ፎቶ እንነሳለን። ማኔኔ እንለዋለን። የሞተ ሰው ደግሞ እጁን አጥፎ እጅጌ አያስገባልህም። ስለዚህ ኮቱ ከጀርባው የተከፈተ፣ ሱሪው በጎኑ የሚታሰር መሆን አለበት። ይህን እንደ ዳማሪስ የሚችልበት የለም። ሰኔ ከባተ ጀምሮ የስፌት መኪናዋ አያርፍም።

አፏም አያርፍም። አንዱ ደንበኛ መጥቶ «አያቴ ጥቁር ይወዱ ነበር» ሲላት፣ «መውደዱን ተወው፤ የባለፈውን ፎቷቸውን አይቼዋለሁ፣ ጥቁር አክስሏቸዋል። ቡና ዓይነት ይሁንላቸው» ትላለች። ሰውዬው ይስማማል። ምን ያድርግ? አንድ ጊዜ ተሰፍቶ ያለቀ ሙሉ ልብስ በሞተር ብስክሌቷ ኋላ ቀጥ አድርጋ አስራ ስትሄድ ትራፊክ ፖሊስ አስቆማት፤ የጫነችው ሰው የራስ ቁር አላደረገም ብሎ። «ሰውዬው ከሞተ ቆየ፣ ምን እንዳይሆን ብለህ ነው?» ብላው አለፈች። እኔ ሴልፊ ይህን ታሪክ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ አሁንም ያስቀኛል።

የማትቀልድበት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ የአባቷ የሳምፔ አሟሟት። ሳምፔ የሞተው እሷ ገና ሕፃን ሳለች ነው። እናቷ ቀድማ አርፋለች። የሳምፔ ታናሽ ወንድም፣ ማለትም የኔ አባት፣ ያኔ ቦርኒዮ ጫካ ውስጥ እንጨት ይቆርጥ ነበር። አንድ ቀን ሳምፔ ከጓደኛው ከዱማ ጋር የዘንባባ ጠጅ ሊያወርድ ወጣ። ሲመሻሽ ዱማ ሬሳውን ተሸክሞ ተመለሰ። «ከዛፍ ወደቀ፤ እግሩና ወገቡ ተሰበረ፤ መንገድ ላይ አረፈ» አለ። የገነዙት ሽማግሎች አመኑት። ለቅሶው ተለቀሰ፣ ጎሹ ታረደ፣ ሳምፔም የቤተሰቡ ዋሻ መቃብር ውስጥ ገባ።

አባቴ ከቦርኒዮ ሲመለስ የገነዙት ሽማግሎች ሁሉ አልቀው ነበር። በመጀመሪያው ማኔኔ ወንድሙን አውጥቶ እግሩን ቢዳስስ ሁለቱም እግሮች ደህና ናቸው። «የታለ ስብራቱ?» አለ። ከሞቱ ሳምንት በፊት ሳምፔና ዱማ በቀርከሃ ጫካ ድንበር ተጣልተው ገበያ መሀል መሰዳደባቸው ትዝ ያለው ሰውም አልጠፋ። እንግዲህ ካልወደቀ ምን ገደለው? ጠጁ ውስጥ መርዝ አድርጎበት ነው ተባለ። ማን እንደጀመረው አይታወቅም። የእኛ ሰፈር ሰው ግን ወሬ ሲይዝ እንዲያ ነው፤ ሳምንት ሳይሞላው ሁሉም ብርጭቆውን በዓይኑ ያየ ሆነ። ዱማ አንዴ ሊያስረዳ ቢመጣ አባቴ ቆንጨራ ይዞ በር ላይ ጠበቀው። ከዚያ ወዲያ በሁለቱ ቤቶች መካከል እሳት መጫጫር ቀረ።

ዳማሪስ ከተማ ወርዳ ፖሊስ ጣቢያ ሁሉ ከሳለች። መኮንኑ «ምስክር አለሽ?» ቢላት፣ «ሟቹ ራሱ አለ፤ በየሦስት ዓመቱ ይወጣል፤ ይምጡና ይጠይቁት» አለችው። ሰውዬው የቶራጃ ሰው አልነበረም መሰለኝ፣ ፈገግ እንኳ አላለም። ፋይሉም እዚያው ቀረ።

ዘንድሮ ዱማ ታመመ። ሳሉ ከሸለቆው ማዶ ይሰማል። ዳማሪስ ሱቋ ውስጥ መቀሷን አስቀምጣ እንዲህ አለችኝ፦

«ሴልፊ፣ ይሄ ሽማግሌ ከሞተ ማንን ልጠይቅ ነው? ዕድሜዬን ሙሉ አንድን ሰው ጠልቼ ኖርኩ። ከገደለው ልወቀው፤ ካልገደለውም ልወቀው። አባቴ ፊት ቆሞ ይንገረኝ። ሬሳ ፊት የሚዋሽ የለም።»

አባቴ ይህን ሲሰማ ጨሰ። «የወንድሜን ገዳይ ለወንድሜ ድግስ ልጥራ?»

«አልጠራም ካሉ» አለችው፣ «የእርስዎን ልብስ ማን እንደሚሰፋልዎት አያለሁ።»

አባቴ ሞትን አይፈራም። ክፉ ልብስ ለብሶ ፎቶ መነሳትን ግን ይፈራል። ዱማ ተጠራ።

የማኔኔው ቀን ፀሐይዋ ጥሩ ነበረች። አሳማ ይጠበሳል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ ሙታኖቻችን ሰሌን ላይ ተደርድረዋል። ሳምፔ እንደ ወትሮው ሙሉ ልብስ፣ ከረባትና ጥቁር መነጽር ተደርጎለት፣ ሲጋራ አፉ ላይ ተሰክቶለታል። ከጎኑ የአያታችን እህት አክስት ቢሪንግ በዳንቴል ቀሚስና በጆሮ ጉትቻ ተኝታለች። አክስት ቢሪንግ በሕይወቷ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሪ ነበረች። አንዴ ሲጋራ ከዲያቆን አፍ ላይ በጥፊ ያስጣለች ሴት ናት። ሊፒስቲኩን የቀባኋት እኔ ነኝ፤ የራሴን ነው።

ዱማ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት የልጅ ልጆቹ በቀርከሃ ተሸክመውት መጣ።  አባቴ ጀርባውን ሰጠ። ዳማሪስ ሽማግሌውን እጁን ይዛ አስነሳችውና ሬሳው ፊት አቆመችው።

«አያ ዱማ፣ አባቴ ይኸው። ፊቱ ቆመው ይንገሩኝ። ገደሉት ወይስ አልገደሉትም?»

ዱማ ጎንበስ ብሎ አየ። መነጽሩን በጣቱ አነሳና ደግሞ አየ።

«ይሄ ማነው?» አለ።

«ሳምፔ ነዋ።»

«ሳምፔማ አይደለም።»

አባቴ ዞረ። «አያችሁ? ፊቱን ማየት አቃተው።»

«ፊቱንማ እያየሁ ነው፤ የሌላ ሰው ፊት ነው እንጂ። ይሄ እግርም የሳምፔ አይደለም። የሳምፔ ግራ እግር ከጉልበቱ በታች ለሁለት ነው የተሰበረው። ቀርከሃ ሰንጥቄ፣ እናቴ በሸመነችልኝ ቀይና ነጭ መቀነት ጠፍሬ ነው የተሸከምኩት። ሽማግሎቹም ሲገንዙት ‹መንገዱን ይሂድበት› ብለው ከነእሱ ነው የቀበሩት። ብትጠይቁኝ ኖሮ ድሮ እነግራችሁ ነበር።»

 እናቴ፣ የሚጠበሰውን አሳማ እያገላበጠች፣ ቀና ሳትል ተናገረች።

«ግራ እግሯ የተሰበረውማ ቢሪንግ ናት።»

እውነት ነው። አክስት ቢሪንግን ቀሚስ ባለበስናት ቁጥር ግራ እግሯ ላይ እንጨት የመሰለ ነገር ጨርቁን ይወጥርብናል። መሬት ተንሸራቶ የዋሻው በር የወደቀ ጊዜ ነው የተሰበረችው እንል ነበር። ከአንገት በታች ያለውን የውስጠኛ ከፈን ከፍተን አናውቅም፣ ነውር ነው፤ የምናለብሰው ከላይ ነው። ፊት ደግሞ ከደረቀ በኋላ የወንድ ይሁን የሴት አይለይም። ያ የመሬት መንሸራተት የሆነው አባቴ ከመመለሱ በፊት በነበረው ክረምት ነው። ጥቅሎቹ ሁሉ ወደ ሩዙ እርሻ ተንከባልለው ነበር። ሁሉም ቀይ ጨርቅ ነው፣ ስም የለበትም፤ ማን ማን እንደሆነ የሚታወቀው በተኛበት ቦታ ነው። ወደ ቦታቸው የመለሷቸው ደግሞ የመንደሩ ጎረምሶች ናቸው፤ በዝናብ፣ እየተጣደፉ።

የሰዉ አንገት ሁሉ አንድ ላይ ወደ አክስት ቢሪንግ ዞረ።

ዳማሪስ ተንበረከከች። ይቅርታ ጠይቃ ቀሚሱን ገለጠች፣ ከውስጠኛው ከፈን በመቀስ ጫፍ ጥቂት ቀደደች።  ከሥሩ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ወጣ። በላዩ ላይ መቀነት ተጠምጥሟል። ቀዩ ደብዝዟል፣ ነጩ ቢጫ ሆኗል፣ ግን ይለያል። ቋጠሮው እንዳለ ነበር።

ወንድሜ ቀስ ብሎ ሄዶ ባለመነጽሯ አፍ ላይ ያለውን ሲጋራ ነቀለ።

የዳማሪስ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎን እናቴ ልትደግፋት ተነሳች። ዳማሪስ ግን እየሳቀች ነበር። መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠችና፣ «የአገሩን ሙታን በሙሉ ለክቼ፣ የገዛ አባቴን ሠላሳ ዓመት ጉትቻ አደረግኩለት» አለች። «አክስት ቢሪንግ ደግሞ እዚያ ላይ ሆና ስንት ፓኮ አጨሰች?» ያን ጊዜ ሰዉ ሁሉ ፈነዳ። የዱማ የልጅ ልጆች እንኳ ወንበሩን ጥለው ሳቁ። በለቅሶ ቤት ሳቅ ነውር የሆነበት አገር እንዳለ ሰምቻለሁ፤ እኔ እዚያ መኖር አልችልም።

አባቴ አልሳቀም። ባርኔጣውን አውልቆ ዱማ ፊት ሄዶ ቆመ። አባቴ ይቅርታ የሚባለውን ነገር ከአፉ ለማውጣት ሲታገል አይቼው አላውቅም ነበር፤ ያሳዝናል።

«ቆንጨራ ይዤ ጠበቅኩህ» አለ በመጨረሻ።

«ትዝ ይለኛል» አለ ዱማ። «ዶልዱሞ ነበር።»

ወንበሩን አስተካክለው ዱማን ሳምፔ አጠገብ አስቀመጡት፤ በእውነተኛው ሳምፔ አጠገብ። ዳማሪስ ዓይኗን ጠርጋ እግሩ ሥር ቁጭ አለች። የፈለገችውን መልስ አግኝታለች፣ ግን ጥያቄዋ አላለቀም።

«ብቻውን ነው የሞተው?»

«ጀርባዬ ላይ ነው የሞተው» አለ ዱማ። «እስከ ወንዙ ድረስ ሲሰድበኝ ነበር። ‹ሰው እንደ ጆንያ ይሸከማል እንዴ› ይለኛል። ስለ ቀርከሃው ድንበርም እዚያው ጀርባዬ ላይ ሆኖ ሲከራከረኝ ነበር። ወንዙን ስሻገር ዝም አለ። የሚመልስልኝ ስድብ እያሰበ መስሎኝ ጠበቅኩት።»

«ለእኔ ምንም አላለም?»

ዱማ ወደ ሳምፔ አየ። የሚያምር ነገር ፈጥሮ ሊነግራት ይችል ነበር፣ ማን ያውቅበታል? ሬሳው ግን ፊቱ ነበር።

«ምንም አላለም ልጄ። እሞታለሁ ብሎ አላሰበም። ቤት ደርሶ እራት የሚበላ ነበር የመሰለው። ይህን ልነግራችሁ ነበር ያኔ የመጣሁት።»

ዳማሪስ ያን ጊዜ አለቀሰች። ረጅም ለቅሶ አልነበረም፤ ግን የከረመ ስለነበር ከሆዷ ነው የወጣው። እኛም ፊታችንን አዞርንላት።

ከዚያ ሥራ አለ። ዘንድሮ ለሳምፔ የተሰፋው ሙሉ ልብስ በአክስት ቢሪንግ ልክ ነው፤ ደረቱ ላይ አልገጥም አለ። ዳማሪስ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ አባቷን መለካት ጀመረች፣ አንዱን ጫፍ ዱማ እየያዘላት። «ኮት ይቅርበት» አለ ዱማ፣ «በዕድሜው ለብሶ አያውቅም፤ ይስቅብሻል። ሸሚዝ ይበቃዋል።» እሺ አለች። ትከሻውን፣ ደረቱን፣ እጁን ለካች።

ስትጨርስ ሜትሩን አልጠቀለለችም። ዳማሪስ በቁሙ ላለ ሰው የማኔኔ ልብስ የምትለካው ለገዛ ቤተሰቧ ብቻ ነው። አባቴን ለክታዋለች፣ እናቴን ለክታታለች፣ እኔንም በየጊዜው ወፍረሻል እያለች ትለካኛለች። ከሸለቆው ማዶ የለካችው ሰው የለም። ቀና አለችና ሜትሩን ዱማ ትከሻ ላይ ዘረጋችው።

ሽማግሌው ወደ ሜትሩ አየ፣ ወደ እሷ አየ። 

«ልጄ፣ እኔ እኮ ገና አልሞትኩም።»

«አውቃለሁ» አለችው። «ቀጥ ብለው ይቀመጡ።»