ዶዮገና ላይ ያስቸገረኝ አንቴና

ሥራ የጀመርኩ ቀን የአንቴና ሱቁ ባለቤት ጋሽ ሎምባሞ መሰላል አሸክመውኝ ሆሳዕና መናኸሪያ ጀርባ አንድ ቆርቆሮ ጣራ ላይ አወጡኝ። "ሚስማር ሚስማሩን ረግጠህ ሂድ፣ መሀሉን ከረገጥክ ሳሎን ነው የምትወርደው" አሉኝ። ወረድኩ። ሰዎቹ ምሳ ላይ ነበሩ፣ እንብላ አሉኝ። አልኮራሁም።

እኔና ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የተለያየነው። አንቴና ላይ ግን ከኔ በላይ ሰው የለም፣ ሀደሮም ጃጁራም ሄዳችሁ ጠይቁ። መሰላል ተሸካሚ ሆኜ ገባሁ፣ ቀጥሎ ፒንሳና ካቻቢቴ ተሰጠኝ። ጋሽ ሎምባሞ ጉልበታቸው ጣራ እምቢ ሲል ዋናው እኔ ሆንኩ።

ድሮ ሥራው በጆሮ ነበር። ጣራ ላይ ሆነህ አንቴናው የታሰረበትን ቱቦላሬ ታዞራለህ፣ ቤት ያለው ሰው ይጮኻል። የለም ይልሃል፣ ጉንዳን ነው ይልሃል። ጉንዳን የምንለው ያ ስክሪኑ ላይ የሚርመሰመሰው ነው። መጣ ሲሉህ እዛው ላይ ታጠብቃለህ። ባይጠራም ሰው አይከፋውም፣ በጉንዳኑ መሀል ኳስ ያያል።

ከዛ ዲጂታል ነው ተባለና የድሮው ጠፋ። ዲጂታሉን የሚቀበለውን ሳጥን ያልገዛው ቲቪውን ዳንቴል አለበሰው። የገዛው ደሞ እኔን ይጠራል። ወገቤ የኔ አልመስል አለኝ።

መስቀል፣ በኛ መሳላ፣ ሲደርስ ባሰ። አዲስ አበባ ያለው ሁሉ ለመሳላ አገሩ ሲገባ ለቤተሰብ ሳጥን ይዞ መጣ። ከዶዮገና እማማ ዓለሚቱ የሚባሉ ሴትዮ ደወሉልኝ። ልጃቸው ኤርምያስ አልመጣም። አዲስ አበባ የባህል ቡድን ውስጥ ይጨፍራል፣ ሳጥኑን በሰው ልኮ የበዓሉን ፕሮግራም እዩ፣ እኔ አለሁበት ብሏል። ጎረቤቱ ልጁን ሲቀበል እሳቸው ሳጥን ተቀበሉ።

ስደርስ ፕሮግራሙ ሊጀምር ነው። ሳሎኑ በሰው ሞልቷል። አይዞት እማማ፣ የመጣሁት እኔ ነኝ ብዬ ጣራ ላይ ወጣሁ።

አዞርኩ፣ የለም። አዞርኩ፣ መጣ አሉ። ሳጠብቅ ጠፋ አሉ። ወደ ኋላ መለስኩ፣ የለም። ዲሽ ካለው ጎረቤት ቤት ጭፈራው ይሰማኛል። እማማ አንዴ በከምባትኛ አንዴ በአማርኛ ይጮኻሉ። ላቤ ዓይኔ ገባ። ኬብሉን ነቅዬ እንደገና ሰካሁ። ጉንዳን እንኳን የለም፣ ጥቁር ብቻ ነው አሉኝ። ሳጥኑ ነው የተበላሸው ልል ነበር፣ ግን የላከው ልጃቸው ነው፣ አፌ እምቢ አለ።

ስልኬ ጠራ። የጃጁራ ደንበኛ ነው፣ የት ደረስክ ይላል። እየደረስኩ ነው ብዬ እሱን ስሸነግል ቱቦላሬውን ለቀቅኩት። ትንሽ ቆይቶ ታች መጣ ተባለ። አልጠፋም።

እማማ ደጅ ወጡና ቀና ብለው አዩኝ።

"አንተ ልጅ፣ ስትነካው ነው የሚሸሸው። እጅህን ሰብስብ።"

ያኔ ገባኝ። የዲጂታል ምስል ሳጥኑ ውስጥ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚወጣው። መጣ ሲሉኝ እኔ ቦታውን አልፌዋለሁ።

ወርጄ ገባሁ። ኤርምያስ ዳር ላይ ሆኖ ይጨፍራል። እንደዛ የጠራ ምስል አይቼ አላውቅም፣ የሸሚዙ ጥለት ሁሉ ይታያል። ሰዉ እልል አለ። እማማ ግን ተጠግተው አንገቱን ነው የሚያዩት።

"ከስቷል" አሉ። "በስልክ ደህና ነኝ ነው የሚለኝ።"

እኔ ቀልድ አላጣም፣ ያን ቀን ግን የረባ አልመጣልኝም።

"ካሜራው ነው እማማ" አልኳቸው።

"ሌሎቹን ለምን አላከሳቸውም?"

ጭፈራው አልቆ ማስታወቂያ ገባ። እማማ ስልካቸውን አንስተው ሲደውሉ መሰላሌን ይዤ ወጣሁ፣ ጃጁራ ይጠብቀኛል።

አሁን ሥራ ለሚጀምር የምነግረው ይሄን ነው። ዲጂታል አንቴና ትንሽ አዙር፣ እጅህን አንሳ፣ ጠብቅ። ምስሉ ከገባም በኋላ ሰዎቹ ምን እንደሚያዩ አንተ አታውቅም።